ላዶጋ በጠረጴዛ ላይ

በቤቴ ውስጥ፣ ቀድሞ የልጆች መኝታ በነበረችው ክፍል፣ ሁለት ጠባብ ጠረጴዛዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። በአንደኛው ላይ መድፍ የሌለው ታንክ፣ በሌላው ላይ በሩ የተከፈተ የጭነት መኪና፣ ሁለቱም በበረዶ ላይ ቆመዋል። በጠረጴዛዎቹ መካከል አንድ ሜትር ተኩል ያህል ባዶ ወለል አለ። ሊጠይቀኝ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ታንኩን ጥቂት ጊዜ ጎንበስ ብሎ ካየ በኋላ ቀና ይልና፣ «ጠረጴዛዎቹን ብታጋጥማቸው አይሻልም ነበር?» ይለኛል። መልሱ አጭር አይደለምና አንባቢ እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

የሥዕል መምህር ነበርሁ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሙያዬን የተማርሁት ከ1973 እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ ሌኒንግራድ ውስጥ ነው፤ ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ ሴንት ፒተርስበርግ የሚለው የቀድሞ ስሟ ተመልሶላታል። እንደ እኔ ያሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች በዚያ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ከተሞች ይማሩ እንደነበር ይታወቃል። ሁላችንንም በመጀመሪያው ዓመት ያስቸገረን ከቋንቋውም ይልቅ ብርዱ ነበር። እኔን ደግሞ የብርዱ ስም አስቸገረኝ። በእኛ ቋንቋ ከሰማይ ድንጋይ ሆኖ የሚወርደውም፣ እንደ ባዘቶ ጥጥ እየተንሳፈፈ የሚወርደውም፣ ሐይቅ ላይ ረግቶ እንደ መስተዋት የሚጋደመውም በረዶ ነው። ሩስያውያኑ ግን ለመጀመሪያው ግራድ፣ ለሁለተኛው ስኔግ፣ ለሦስተኛው ሊዮድ ይላሉ። በግዕዙስ በረድና ሐመዳ ተለያይተው ይገኛሉ፤ እኛ ሰብስበን አንድ አደረግናቸው እንጂ። ይህ ነገር ያን ጊዜ የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ብቻ መስሎኝ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ በእጄ በረዶ ለመሥራት ስነሣ፣ እያንዳንዱ ለየራሱ የሚሠራ ሦስት የተለያየ ነገር መሆኑን ተረዳሁ።

የመጀመሪያውን ዲዮራማ የሠራሁት በ1976 ዓ.ም. የብርድ ወራት፣ በተማሪዎች መኖሪያ ቤታችን ውስጥ ነው። ዲዮራማ የሚለው ስም የተወለደው ሉዊ ዳጌር እ.ኤ.አ. በ1822 ፓሪስ ላይ በብርሃን የሚለዋወጡ ግዙፍ ሥዕሎችን ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ ሲሆን፣ ዛሬ ግን ቅርጾችን በአንድ ትዕይንት ውስጥ አሰባስቦ ለማሳየት ለሚሠራ ሥራ ሁሉ ይነገራል። እኔም ከአንድ የመጫወቻ ሱቅ የሚገጣጠም የፕላስቲክ ቲ-34 ታንክ ገዛሁ፤ ከሕክምና ጥጥ በረዶ፣ ከጥድ ቅርንጫፍ ደን አበጀሁ። ታንኩ ወደ ፊት ሲፈተለክ፣ ከላዩ የተሳፈሩት ወታደሮች ሲያቅራሩ፣ ከፊቱ የፋሺስቱ ጦር ሲፈረጥጥ ይታያል። ሰንሰለቱ የሚረጨውን በረዶ በቀጭን ሽቦ ላይ ጥጥ ጠምጥሜ ነበር የሠራሁት። በዚያ ጥጥ ምን ያህል እንደኮራሁ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

የመኖሪያ ቤቱ ጠባቂ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ነበሩ። እኛ ሐበሾቹ «እማማ» እያልን ነበር የምንጠራቸው፤ ትርጉሙን ከነገርናቸው በኋላ በሌላ ስም ብንጠራቸው አይሰሙንም ነበር። ሥራዬን በጋራ መቀመጫው ክፍል መስኮት ሥር ባኖርሁ ዕለት መጥተው ረጅም ጊዜ አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ፤ እንደገና አጠለቁ። ከዚያም፣

«ቆንጆ ነው፤ ግን ልጄ፣ እዚህ ውስጥ ማንም አልበረደውም» አሉኝ።

አንድ የጥበብ ተማሪ ከጽዳትና ከቁልፍ ጠባቂ ሂስ ሲሰማ የሚሰማውን ስሜት አልደብቅም፤ ተቆጣሁ። እርሳቸው ግን ቁጣዬን አላዩም፤ ወይም እንዳላዩ ሆኑ። ወደ ክፍላቸው ገብተው ጥቁር ዳቦና ቢላዋ ይዘው ተመለሱና መዳፍ የማይሞላ አንድ ቁራሽ ቆርጠው ከታንኩ አጠገብ፣ በጥጡ ላይ አስቀመጡት። «ይህ የአንድ ቀን ነው። 125 ግራም። ለሕፃንም፣ ለሽማግሌም። ያውም ያኔ እንዲህ ያለ ዳቦ አልነበረም» አሉ። ከዚያ በኋላ የነገሩኝን በሙሉ አልጽፈውም። ከተማዋ በተከበበች ጊዜ የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። እናታቸው በጥር ወር ሞቱ። በየካቲት 1942 እርሳቸውና የ6 ዓመት እኅታቸው ላዶጋን በበረዶው ላይ አቋርጠው እንዲወጡ በአንድ የጭነት መኪና ላይ ተጫኑ። «ስንሳፈር ሁለት ነበርን። ኮቦና ስንደርስ አንድ ነበርሁ» አሉኝ፤ ዳቦውንም ከጥጡ ላይ አንሥተው ፍርፋሪውን በጣታቸው እየለቀሙ በሉት።

በማግስቱ ታንኬን ከመስኮቱ ሥር አነሣሁት።

ከዚያ በኋላ በቀሩኝ ዓመታት ስለ ላዶጋ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ። ሌኒንግራድ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 8 ቀን 1941 እስከ ጥር 27 ቀን 1944 ድረስ ለ872 ቀናት ተከባ ነበር። በመጀመሪያው የብርድ ወራት ወደ ከተማዋ ስንቅ ማስገቢያ የነበረው ብቸኛ የየብስ መንገድ ሐይቁ ራሱ ነው፤ ውኃው ሲረጋ መንገድ ሆነ። መሐንዲሶች አንድ ባዶ ፈረስ ለማሳለፍ 10 ሳንቲ ሜትር፣ አንድ ቶን የጫነ መኪና ለማሳለፍ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው በረዶ እንደሚያስፈልግ አስልተው ነበር። ኅዳር 22 ቀን 1941 የመጀመሪያዎቹ 60 ያህል መኪኖች ተሻግረው 33 ቶን ዱቄት አስገቡ። አንባቢ ቢያካፍል ለአንድ መኪና የደረሰው ከግማሽ ቶን ብዙም እንደማይበልጥ ያገኛል። መኪኖቹ እኮ አንድ ቶን ተኩል የሚጭኑ ስለነበሩ ነው «ፖሉቶርካ»፣ አንድ ተኩሌ፣ የተባሉት! ቀሪውን ያስቀረው በረዶው ነበር። ሾፌሮቹ በረዶው ከሥራቸው ቢከፈት ዘልለው ለመውጣት በሩን ከፍተው ይነዱ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ የበረዶው ጠባይ ነው። በቀስታ የሄደ መኪና ሲያልፍ፣ ፈጥኖ የሄደም ሲያልፍ፣ መካከለኛው ይሰጥም ነበር። የሌኒንግራድ የፊዚክስና ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ሊቃውንት፣ ፓቬል ኮቤኮና ናኦም ሬይኖቭ፣ የበረዶውን መርገብገብ ተከታትሎ የሚጽፍ መሣሪያ ሠርተው ሐይቁ ላይ ተከሉ። ያገኙትም ምክንያት ይህ ነበር፤ መኪና ሲሄድ ከበረዶው ሥር ያለው ውኃ ማዕበል ይፈጥራል፤ መኪናው በሰዓት ወደ 35 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ከማዕበሉ ጋር እኩል ይሄድና በረዶው ያለ ልክ እየተወዛወዘ ይሰበራል። ስለዚህ ከዚያ ፍጥነት ማነስ ወይም መብለጥ ግድ ሆነ። በከተማዪቱ ውስጥ ሰው በረኃብ ሲረግፍ፣ ሌላ ሰው በብርድ በደነዘዘ ጣት የማዕበል መስመር በወረቀት ላይ ይከታተል ነበር ማለት ነው።

ታንኮችስ? ከባዱ ካ-ቬ ታንክ፣ በክሊመንት ቮሮሺሎቭ ስም የተሰየመውና በከተማዪቱ በኪሮቭ ፋብሪካ ሲሠራ የነበረው፣ ወደ 45 ቶን ይመዝናል። ይህን ክብደት በሐይቁ ላይ ለማሻገር መድፉን የተሸከመው ተሽከርካሪ ማማ ከታንኩ ላይ እየተነሣ በበረዶ ሸርተቴ ላይ ተጭኖ ከኋላ ይጎተት ነበር። ክብደቱ ተከፍሎ በሰፊ ቦታ ላይ እንዲያርፍ ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ከመጽሐፉ ቀና ብዬ ቆየሁ። ራሱን ከኋላው በገመድ የሚጎትት ታንክ! እንዲህ ያለ ምስል በፈጠራ ቢመጣብኝ ኖሮ አላምነውም ነበር።

በ1978 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ ከከተማዋ ወጣ ብሎ በኔቫ ወንዝ ዳር በኪሮቭስክ የተከፈተውን ታላቅ ዲዮራማ ለማየት ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ሄድሁ። ሸራው 40 ሜትር በ8 ሜትር ነው፤ ከበባው የተሰበረበትን የጥር 1943 ውጊያ ያሳያል። ሠዓሊያኑ የተዋጣላቸው ናቸው፤ ዓይን ከሸራው ጫፍ ጫፍ ሲሮጥ ያልቅበታል። ሆኖም በዚያ ሁሉ እሳትና ጭስ መካከል እኔ የፈለግሁት የበረደውን ሰው ነበር። በአንድ ጥግ አገኘሁት መሰለኝ፤ የትኛው ጥግ እንደሆነ ግን ዛሬ አላስታውስም። ፒስካሪዮቭ የመቃብር ሥፍራ ስንደርስ ደግሞ ምንም ጭስ የለም። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የተቀበረባቸው ረጃጅም የሣር መደቦች ተዘርግተዋል፤ በየመደቡ ራስጌ ባለው ድንጋይ ላይ ከምልክቱ ጋር ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ተቀርጿል፤ 1942፣ 1942፣ 1942።

ወደ አገሬ ተመልሼ ሥራ ያዝሁ፤ ትዳር፣ ልጆች፣ የእርማት ወረቀት፤ ይህን ሁሉ አንባቢ ከራሱ ሕይወት ያውቀዋል። ከጡረታ በኋላ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከውጭ ሲመጣ፣ አንድ ጊዜ በክፍል ውስጥ የተናገርሁትን አስታውሶ፣ የካ-ቬ ታንክና የፖሉቶርካ መገጣጠሚያ በሁለት ሳጥን አመጣልኝ። ሁለቱም በ1 ለ35 መጠን የተሠሩ ነበሩ። ይህ መጠን የተለመደው አንድ የጃፓን ፋብሪካ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሞተርና ባትሪ የሚይዝ መጫወቻ ታንክ ሲሠራ ለባትሪው የሚበቃ ሆድ ፈልጎ ነው ይባላል። የጦርነትን ታሪክ የምንለካበት መጠን በባትሪ ድንጋይ መወሰኑ ትንሽ አያስቅም?

ሥራውን የጀመርሁት በሒሳብ ነው። በዚህ መጠን አንድ ሰው 5 ሳንቲ ሜትር፣ ታንኩ ከ19 ሳንቲ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ክብደት ግን በርዝመት ልክ አይቀንስም፤ ሠላሳ አምስት በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ 42,875 ይሆናልና በዚያ ነው የሚካፈለው። ስለዚህ 45 ቶኑ ታንክ ከአንድ ኪሎ ብዙም አይበልጥም። የፖሉቶርካው ሙሉ ጭነት 35 ግራም ዱቄት ይሆናል፤ በቡና ሲኒ ሰፍሬ አየሁት። የእማማ ዳቦስ? 3 ሚሊ ግራም። አንድ የጥቁር ዳቦ ፍርፋሪ በመርፌ ጫፍ አንሥቼ መዳፌ ላይ አኖርሁና መነጽሬን ፍለጋ ዞር ስል ጠፋኝ።

ታንኩን መገጣጠም ትዕግሥት እንጂ ጥበብ አይጠይቅም፤ ስለዚህ አላስረዝመውም። ችግሩ የመጣው ማማው ሲነሣ ነው። ማማው የተነሣበት ክብ ቀዳዳ ተከፍቶ ቀረ፤ ውስጡ ደግሞ ባዶ ፕላስቲክ ነው። በኮላ የነከርሁትን ስስ ወረቀት እንደ ድንኳን ሸራ አልብሼ፣ ነፋሱ ከአንድ ወገን እንዲያነሣው አድርጌ ሸፈንሁት። ሶቪየቶች በብርድ ወራት ታንኮቻቸውን ኖራ በመሰለ ነጭ ቀለም ይቀቡ ነበር፤ ይህም ቀለም ወታደሮቹ በሚረግጡበትና በሚደገፉበት ቦታ ሁሉ ይለቃል። ያን ለማስመሰል በአረንጓዴው ላይ የወጥ ቤት ጨው በእርጥቡ በትኜ፣ ነጩን ቀለም ከላይ ነፋሁበት፤ ሲደርቅ ጨው ያረፈበትን በጠንካራ ብሩሽ ስፈትገው ቀለሙ እየተላጠ አረንጓዴው ብቅ ብቅ አለ።

ምስሎቹ አስቸገሩኝ። በሳጥን የሚሸጡ ወታደሮች ሁሉ አንድ ነገር ያደርጋሉ፤ ይተኩሳሉ፣ ያመለክታሉ፣ ይጣራሉ። አንዱም አልበረደውም። እማማ ሳጥኑን ከፍተው ቢያዩ ያንኑ ቃል ይደግሙት ነበር። ስለዚህ እጆቻቸውን በምላጭ ቆረጥሁ፤ በሽቦና በሚጠነክር ማጣበቂያ ሊጥ እንደገና አበጀሁላቸው። የበረደው ሰው ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፤ ክርኑ ከጎኑ አይለይም፤ ጉልበቱ ይጠጋጋል፤ ጣቱን በብብቱ ወይም በተቃራኒው እጅጌ ውስጥ ይከታል። ይህን ከመጽሐፍ አልቀዳሁትም፤ በሐምሌ ጧት አውቶቡስ የሚጠብቁ የሰፈሬን ሰዎች በእርሳስ እየነደፍሁ ያገኘሁት ነው። ነጭ ካባ ለብሳ፣ ባንዲራ ይዛ በበረዶው መንገድ ላይ መኪኖችን የምታስተናግደዋ ልጅ (ብዙዎቹ አስተናባሪዎች ወጣት ሴቶች ነበሩ) ትከሻዋ ከመገናኛ ፌርማታ፣ አንገቷ ከፒያሳ የተወሰደ ነው።

በረዶው ሁለት ጊዜ ከሸፈብኝ። መጀመሪያ የተጠቀምሁት ለመጋገሪያ የሚሆነውን ቤኪንግ ሶዳ ነበር፤ ሲያዩት ግሩም ሐመዳ ይመስላል፤ ከአንድ ክረምት በኋላ ግን እንደ አሮጌ ጥርስ ብጫ ሆነ። ሙልጭ አድርጌ ፍቄ ጣልሁትና እብነ በረድ ከሚቆርጡ ሰዎች አንድ ከረጢት ዱቄት ለመንሁ። የበረድ ድንጋይ ብለው ስም ያወጡለት አባቶች ይህን ቀን አስቀድመው ያዩት ይመስለኛል። በሴት ስቶኪንግ ነፍቼ፣ በኮላ ላይ ከክንድ ከፍታ በተንኩት፤ ከቅርብ ከተበተነ ይከመራል፤ ከፍ ካለ ግን እንደ እውነተኛው ይረጋል። ነጭ ብቻ ከሆነ ደግሞ ኖራ ይመስላል፤ ጥላው ውስጥ ሰማያዊ ሊገባበት ይገባል። ሊዮዱን፣ የሐይቁን በረዶ፣ ከታች ጥቁር አረንጓዴ ቀብቼ በላዩ ጥርት ያለ ሬዚን በማፍሰስ ሠራሁት። ቸኩዬ በአንድ ጊዜ አወፈርሁትና እየጠነከረ ሲሄድ ግሎ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ያየው ወዳጄ ሁሉ፣ «ተወው፣ እውነተኛ ይመስላል» አለኝ። ስንጥቁ ግን በመኪናው ጎማ ሥር ያልፍ ነበር። በዚያ ስንጥቅ ላይ ያ መኪና አይቆምም፤ ይሰጥማል። ሰብሬ አውጥቼ፣ በየቀኑ አንድ ስስ ንብብር እያፈሰስሁ፣ 6 ሚሊ ሜትር እስኪሞላ ድረስ እንደገና ሠራሁት። ስድስቱ ሚሊ ሜትር ያ 20 ሳንቲ ሜትር ነው።

አሁን ወደ ባዶው ወለል ልመለስ። የመጀመሪያ ሐሳቤ አንድ ሰፊ ገበታ ላይ ታንኩ ወደ አንድ ወገን፣ ዱቄት የጫነው መኪና ወደ ሌላው ወገን ሲተላለፉ ማሳየት ነበር። ለዓይን እጅግ የተስማማ ነው፤ ንድፉንም ጨርሼ ነበር። ነገር ግን በዚያ ሐይቅ ላይ እንዲህ ያለ መተላለፍ የለም። የመሄጃውና የመመለሻው መስመር ተራርቀው የተዘረጉ ናቸው፤ ምክንያቱም ሁለት ክብደት በአንድ ቦታ መገናኘት የለበትም። በመካከላቸው ሃምሳ ሜትር ብቻ ነበር ብንል እንኳ፣ በእኔ መጠን ከአንድ ሜትር ከአርባ ይበልጣል። ስለዚህ ወይ ሐሰተኛ ውበት መምረጥ፣ ወይ ገበታውን ለሁለት መክፈል ነበረብኝ። ከፈልሁት። ሲከፈል ደግሞ ሌላ ነገር ታየኝ። በመኪናው ላይ ዱቄት መጫኔን ተውሁ። በዚያ የብርድ ወራት በዚህ መንገድ ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ከከተማዋ ወጥቷል፤ እኔ ከመካከሉ የማውቀው አንድ ሰው ነው። መኪናውን አዙሬ ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኮቦና አደረግሁት፤ ከረጢቶቹን አወረድሁና ሰዎች ጫንሁበት።

ሥራውን አንድ ጊዜ ለሕዝብ አሳይቼዋለሁ፤ በአንድ የትምህርት ቤት ዐውደ ርእይ ላይ። ከአዘጋጆቹ አንዱ፣ ደግ ሰው ናቸው፣ ታንኩን ዞር ዞር ብለው አዩና «ጋሼ፣ ይህ እኮ የተማረከ ታንክ ይመስላል፤ መድፉን መልሰው ቢያኖሩለት ለወጣቱ የተሻለ መልእክት ይኖረዋል» አሉኝ። የበረዶውን ነገር አስረዳኋቸው። ሰሙኝ፤ አልተስማሙም። ለቦታ ጥበት ተብሎ ጠረጴዛዎቹ እንዲገጥሙ ሲጠይቁኝም እምቢ በማለቴ በመጨረሻ ኮሪደር ላይ፣ ከመጸዳጃው አጠገብ፣ ቦታ ሰጡኝ። በእውነቱ ከአዳራሹ ይሻል ነበር፤ ኮሪደሩ ነፋስ አለው። ልጆቹ ሲያልፉ ሲያገድሙ በሁለቱ ጠረጴዛዎች መካከል ይሮጡ ነበር። አንድ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ግን መካከሉ ላይ ቆም ብሎ ወለሉን አየና፣ «እዚህም በረዶ ነው?» አለኝ። አዎን አልሁት። ከዚያ በኋላ ጓደኞቹን ዙሩ፣ በዚያ በኩል ዙሩ እያለ ሲከለክል ዋለ።

ሥራው አልቋል ማለት ግን አልችልም። በመኪናው ላይ ዘጠኝ ሰዎች አሉ፤ ስምንቱ ከማይለቅ ሙጫ ጋር ተጣብቀዋል። ዘጠነኛዋ ራሷን በትልቅ ሻርፕ የጠመጠመች የ11 ዓመት ልጅ ነች፤ ግራ እጇን ወደ ጎን ዘርግታ ጣቶቿን ጨብጣለች። ከጎኗ የምትቀመጠውን፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር የማትሞላዋን ልጅ፣ ሠርቼ ቀለም ቀብቼ ጨርሻታለሁ። መኪናው ገና ከከተማዋ መውጣቱ ከሆነ ቦታዋ እዚያ ነው፤ ኮቦና ሊደርስ ከሆነ ግን አይደለም። ከገበታዬ ላይ ይህን የሚያስታውቅ ምንም ነገር የለም፤ ሐይቁ ከሁሉም ወገን አንድ ዓይነት ነው። እማማን እንዳልጠይቃቸው የመጨረሻ ደብዳቤዬ መልስ ሳያገኝ ቀርቷል። እስካሁን ሙጫ አላስነካኋትም። አንዳንድ ቀን ጧት ከእኅቷ እጅ አጠገብ አስቀምጣታለሁ፤ ማታ አንሥቼ ከጠረጴዛው መሳቢያ፣ ወደ ክብሪት ቀፎዋ እመልሳታለሁ።